የውሰት መስታወት

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የመኪና መስታወት ትልቁ ጠላት ጠጠር ነው። ፊት የሚሄደው ተሳቢ በጎማው ያፈናጥረዋል፣ ከኋላ የሚመጣው በግንባሩ ይቀበለዋል። አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር በቆመ ኮንቴይነር ውስጥ የመኪና መስታወት የሚገጥመው አህመዲን ኑሮው የተመሠረተው በዚሁ ጠጠር ነው። "አላህ ለሁሉም ሪዝቁን ይሰጠዋል፤ የእኔን ከጠጠር አደረገው" እያለ ራሱ ላይ ይስቃል።

በአዋሽ ጋራዦች፣ የትም ያልተጻፈ፣ ግን ሁሉም የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። አንድ ዓይነት መኪና የሚነዱ ሾፌሮች መስታወት ይዋዋሳሉ። ሞተሩ ወርዶ መለዋወጫ ለሚጠብቅ መኪና የፊት መስታወት ምን ያደርግለታል? ጭነት ይዞ የሚጣደፈው ከተሰበረበት የቆመው ያበድረዋል፤ አዲሱ መስታወት ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ለቆመው ይገጠምለታል። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ። "ውሰድ" ከተባለ ነገሩ አለቀ።

ነገሩ ከሆነበት ማክሰኞ ዐሥር ቀን ቀደም ብሎ "ውሰድ" ያለው ብዙነህ ነበር። ብዙነህ በዚህ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት ግድም የነዳ፣ ድምፁ ሻካራ፣ ሆዱ ግን ቅቤ የሆነ ሰው ነው። መኪናውን "አሮጊቷ" ብሎ ይጠራታል። ያን ቀን አሮጊቷ ሞተሯ ተዘርግፎ ጋራዥ ተኝታለች። እስክንድር የሚባል ወጣት ሾፌር መስታወቱ የሸረሪት ድር መስሎ ተሰነጣጥቆበት፣ ጭነቱ እየዘገየበት፣ ጭንቅላቱን ይዞ ደረሰ።

"የአሮጊቷን አውልቅለት" አለ ብዙነህ ለአህመዲን። "እሷ እንደሁ ተኝታለች። ለሚተኛ ሰው መስታወት ምኑ ነው?"

አህመዲን አወለቀ፣ ለእስክንድር ገጠመ፣ እስክንድርም እየመረቀ ሄደ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር እንደ ዱሮው ነበር። እንደ ዱሮው ያልሆነው ታጉ ነው።

ታግ የሚሉት በየከባድ መኪናው የፊት መስታወት ላይ፣ ከላይ ጥግ በኩል ከውስጥ የሚለጠፍ፣ ወረቀት የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ከፍ ብለው በተጋደሙ ብረቶች ላይ ይህን ታግ ከሩቅ የሚያነብ መሣሪያ ተሰቅሏል። ሾፌሮቹ መሣሪያውን "ዓይኑ" ይሉታል። ዲቾቶ ላይ አንድ ዓይን አለ፣ ሰመራ መግቢያ ላይ አንድ፣ አዋሽ አርባ ላይ አንድ። መኪናው ሳይቆም ከሥሩ ሲያልፍ፣ የትኛው መኪና በስንት ሰዓት እንዳለፈ ሰመራ ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ኮምፒዩተር ላይ ይሰፍራል፤ በጊዜው ቀጣዩ ዓይን ጋ ካልደረሰ ቀይ ያበራል። ባለንብረቱም በስልኩ ያየዋል። ሾፌር አዲስ ነገር ሲመጣበት ማጉረምረም ይወዳል፤ ለዚህኛው ግን ማጉረምረሙን ሳይጨርስ ማመስገን ጀመረ። በየኬላው ወረቀት ይዞ መሰለፍ፣ በየመስኮቱ "ነገ ና" መባል ቀረለታ! ሚስቶችም አመሰገኑ፤ ባላቸው የት እንደደረሰ በአንድ ስልክ ያውቃሉ።

እንግዲህ የብዙነህ ታግ ከመስታወቱ ጋር ወደ እስክንድር መኪና ሄደ። የእስክንድር ታግ በተሰበረው መስታወት ላይ ቀረ። ከአምስት ቀን በኋላ የአሮጊቷ ሞተር ተጠግኖ አዲስ መስታወት ሲመጣላት፣ ያለ ታግ ባዶውን መጣ። አዲስ ታግ ለማግኘት ሰመራ ድረስ ሄዶ፣ ማመልከቻ አስገብቶ ቀናት መጠበቅ ነው። አህመዲን ብዙነህ በየኬላው ሲሰለፍ በዓይነ ሕሊናው ታየውና አንጀቱ አልችል አለ። ታግ ሲላጥ ይቀደዳል፣ ከተቀደደም አይሠራም፤ ይህን ያውቃል። የፊት መስታወት ግን ድርብ ነው፣ መሃሉ ላስቲክ አለው፣ ቢሰነጠቅም አይበተንም። በተሰበረው መስታወት ላይ የእስክንድር ታግ ያለበት ጥግ ደግሞ ደህና ነበር። አህመዲን መቁረጫውን አንስቶ ታጉን ሳይነካ ዙሪያውን ቆረጠው፤ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ ወጣች። በቀጭን በቀጭኑ ሲሊኮን ቀብቶ አዲሱ መስታወት ጥግ ላይ አጣበቃት። ቀጥ አድርጎ፣ አሳምሮ፣ ጠርዟን ሞርዶ።

የማን ታግ የማን መኪና ላይ ሆነ የሚለው ሐሳብ በአእምሮው ውል አላለም። ላዩ ላይ ስም የለ፣ ታርጋ የለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ለእሱ ታግ ማለት በር መክፈቻ ነበር። ከከፈተ ከፈተ ነው። ደግሞም ከፈተ! ብዙነህ አዋሽ አርባን ሳይቆም አልፎ ደወለለት፤ "እጅህ ይባረክ አህመድዬ፣ እንደ ሚኒስትር አሳለፉኝ!" አለው። አህመዲን ያን ቀን ሙሉ ፊቱ ፈካ ብሎ ዋለ።

ለብዙነህ አንድ ነገር ማድረግ ለእሱ ትንሽ ነገር አልነበረም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከባቲ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሎጊያ ላይ ወባ ጣለው፤ አብረውት የነበሩት ጥለውት ሄዱ። ተሳቢ አቁሞ ከመንገድ ዳር ያነሣው ብዙነህ ነው። እስከ አዋሽ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ አንድም ጊዜ "አትሂድ" አላለውም። ስለ ጋራዥ፣ ስለ መስታወት፣ እጁ ጥሩ ስለሆነ ሰው ሲያወራለት ነበር የመጣው። ሲደርሱ አስተማሪ ፈልጎለት፣ በኋላም ኮንቴይነሩን ሲከራይ ዋስ ሆነለት። የብዙነህ ባለቤት አስረሳች ደግሞ ወባው እስኪለቀው አሥራ ሁለት ቀን ቤቷ አስተኝታ ለብቻው ድስት ጥዳ አበላችው። የሃይማኖቱን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላሳቀቀችውም። እነዚህን ሰዎች ሲያስብ አህመዲን "አልሐምዱሊላህ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አያገኝም።

ያ ማክሰኞ የሰኔ ማክሰኞ ነበር፤ ገና ከጠዋቱ አስፋልቱ ይፋጃል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አስረሳች ነጠላዋን ለፀሐይ ደርባ ኮንቴይነሩ በር ላይ ቆመች።

"አህመድዬ፣ ያ ሰውዬ እዚህ አልመጣም?"

"ጋሽ ብዙነህ? አልመጡም እትዬ። ደርሰዋል እንዴ?"

"ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ጨነቀኝና የባለመኪኖቹ ማኅበር ጋ ደወልኩ። በኮምፒዩተር አይተው፣ 'ሦስት ሰዓት ላይ አዋሽ አርባን አልፏል፣ እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው' አሉኝ። ከአዋሽ አርባ እዚህ እኮ በእግርም ይደረሳል! ቁርሱን ሁለቴ አሞቅሁት።"

"ነዳጅ ሊቀዱ ገብተው ይሆናል። ወይ ጎማ ቤት።"

"ይሁና" አለች። ፊቷ ፈታ አለ። "ብቻ ስታገኘው ጆሮውን ጎትተህ ላክልኝ። ሰው ከተማው ገብቶ ስልክ ይዘጋል?"

ሄደች። አህመዲንም ወደ ሥራው ተመለሰ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እስክንድር እያፏጨ መጣ፤ ጠዋት ከጅቡቲ ገብቶ፣ ጎን ካለው ሻይ ቤት ሻዩን ሲጠጣ ቆይቶ ነው። መስኮቱ አልዘጋ ብሎት ሊያሳየው ፈልጓል። ከዚያ በፊት ግን ወሬ ነበረው።

"ስማ፣ ዛሬ ዓይኑ አብዷል" አለ እየሳቀ። "ባለንብረቱ ደውሎ ይጮህብኛል። 'ከዲቾቶ በኋላ የት ገባህ? ጠዋት ዲቾቶን አልፈህ ሰመራ ሳትደርስ ቀረህ፤ ሰመራዎቹ መኪናህ ቀይ አብርታለች ብለው ደወሉልኝ' ይለኛል። እኔ አዋሽ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ! 'ጋሼ፣ ዲቾቶን ያለፍኩት ትናንት ነው' አልኩት። እሱም ይህንኑ ሲነግራቸው ጉዳዩን ዘጉት።"

አህመዲን አብሮት ሳቀ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። መፍቻውን አስቀመጠ።

"ጋሽ ብዙነህን የት ነው የተለየሃቸው?"

"ወደብ። ትናንት እኔ ስወጣ እሱ ገና እየጫነ ነበር።"

"ቀድመውህ አዋሽ አርባ ሊያልፉ ይችላሉ?"

"ክንፍ አውጥቶ ካልሆነ።"

"አንተ አዋሽ አርባን በስንት ሰዓት አለፍክ?"

"ሦስት ሰዓት አካባቢ። ምነው?"

አህመዲን ሰዓቶቹን በጣቱ ቆጠረ። ሦስት ሰዓት ላይ አዋሽ አርባን ያለፈው ብዙነህ አይደለም፤ የብዙነህን መስታወት የያዘው እስክንድር ነው። ጠዋት ዲቾቶን አልፎ ሰመራ ሳይደርስ የቀረው ደግሞ እስክንድር አይደለም። ያች የክብሪት ቀፎ የምታህል ቁራጭ የተጣበቀችበት መኪና ነው፤ ብዙነህ ነው። ሰውዬው ከዲቾቶና ከሰመራ መሃል፣ በዚያ ጥቁር ድንጋይና በዚያ ፀሐይ ውስጥ አንድ ቦታ ቀርቷል። ማሽኑም ይህንኑ በትክክል ተናግሮ ነበር። ግን ስሙ የሌላ ሰው ስለሆነ ሁሉም ስቆበት ዘጋው። ብዙነህን የሚፈልግ አንድም ሰው የለም፤ ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ "ቤቱ ገብቷል" ይላል። እንዲህ እንዲል ያደረገው አህመዲን ነው። በገዛ እጁ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አሳምሮ።

ለእስክንድር ነገረው። እስክንድር ስልኩን አንሥቶ ሰጠው።

"ደውል!" አለው።

አህመዲን ስልኩን ያዘ፤ አልደወለም። ታግ የነካካ ሰው ፈቃዱ ተነጥቆ እንደሚከሰስ ከሁለት ወር በፊት የመንገዱ ተቆጣጣሪዎች ጋራዥ ለጋራዥ ዞረው ተናግረዋል። ኮንቴይነሩ ተዘግቶ ታየው። ዋስ የሆነለት ብዙነህ ራሱ እንደሆነም ትዝ አለው። "ስሜን ሳልናገር 'እንዲህ ሰማሁ' ብልስ?" ብሎ አሰበ። ማንነቱን ያልተናገረ ሰው ተረት ቢያወራ ማን ያምነዋል? መኪና አስነሥቶ ማን ይወጣለታል? ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ሁለት ደቂቃ ያህል ሄደ። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች እስከ ዛሬ ሲያስባቸው ፊቱ ይቀላል።

ለእስክንድር ከታጉ ጋር በተሰጠው ወረቀት ላይ ወዳለው ቁጥር ደወለ። በሦስተኛው ሙከራ አንዲት ሴት አነሣች። ነኢማ ትባላለች፤ ሰመራ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያን ቀን ተረኛዋ እሷ ነበረች።

"እኅቴ፣ አህመዲን ሰይድ እባላለሁ። አዋሽ መስታወት ገጣሚ ነኝ። የሁለት መኪና ታግ አቀያይሬያለሁ። አውቄ አይደለም፤ ግን የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን አንድ ሰው ጠፍቷል።"

"ቀስ በል ወንድሜ። እንዴት አቀያየርክ?"

ነገራት። መስታወቱን፣ ውሰቱን፣ አቆራረጡን፣ ሲሊኮኑን ሁሉ። በመሃል የጣቶቿ ድምፅ ኪቦርዱ ላይ ይሰማዋል። ከዚያ ድምፁ ቆመ።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ዲቾቶን አልፏል" አለች ቀስ ብላ። "ሰመራ አልደረሰም። ጠዋት ቀይ አብርቶብኝ ነበር። ባለንብረቱ 'ሾፌሬ አዋሽ ነው' ሲለኝ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ያ ረቢ!" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ስልክህን አትዝጋ። አሁኑኑ ሰው አወጣለሁ። የሰውዬውን ስምና የመኪናውን መልክ ንገረኝ።"

"ብዙነህ። ሰማያዊ ጋቢና ነው። በሩ ላይ... በሩ ላይ በነጭ ቀለም 'አሮጊቷ' የሚል ተጽፎበታል።"

ስልኩን ሲጨርስ እስክንድር የጋራዡን ባለቤት ፒክአፕ አስነሥቶ ጠበቀው። መጀመሪያ ግን አስረሳች ቤት ሄዱ። አህመዲን በሩ ላይ እንደቆመ "ጋሽ ብዙነህ አዋሽ አልደረሱም እትዬ። ዲቾቶና ሰመራ መሃል ላይ ናቸው። ሰመራዎቹ ፍለጋ ወጥተዋል። እንሂድ" አላት።

"በምን አወቅህ?"

"በታጉ" አለ። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ግማሽ ነበር።

አዋሽ አርባን አለፉ። ዓይኑ ከላይ ሆኖ ታግ የሌለውን ፒክአፕ ዝም ብሎ ተመለከተው። አስረሳች ከኋላ ተቀምጣ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ እመቤታችንን፣ አንዴ ገብርኤልን ትጠራለች። ገዋኔን አልፈው ብዙ ሳይርቁ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። አህመዲን ከፍቶ ጆሮው ላይ አስጠጋ።

"ተገኝቷል" አለች ነኢማ። "ሕይወቱ አለች። እግሩ ተጎድቷል፣ ብዙ ውኃ አንሶታል። ወደ ዱብቲ ሆስፒታል እየወሰዱት ነው።"

"ተገኝተዋል! በሕይወት አሉ!" አለ አህመዲን። እንዴት ብሎ እንደተናገረው አያውቅም።

አስረሳች እልል አለች፤ እልልታው ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ከኋላ ወንበር ተንጠራርታ የአህመዲንን እጅ ይዛ ሳመችው። "አንተ ልጅ! አንተ ባትኖር ማን ይፈልገው ነበር? ሁሉም 'ገብቷል' ሲሉኝ አንተ ነህ ያወቅኸው። እግዚአብሔር ዘርህን ይባርክ። ክፉ አይንካህ።" አህመዲን እጁን ሊነጥቅ ሞከረ፤ አልለቀቀችውም። እስክንድር ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሣም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ ምርቃት ነበር። ሚሌ ላይ መረቀችው፣ ሎጊያ ላይ መረቀችው። ወባ ታሞ ቤቷ የተኛ ጊዜ "ይህ ልጅ አንድ ቀን ለእኛ ይደርሳል" ብላ እንደነበር ለእስክንድር አወራች። እያንዳንዱ ምርቃት አህመዲን ላይ እንደ ድንጋይ ይጫነው ነበር። ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋው። ደግሞ በልቡ ከሐፍረቱ የሚበልጥ ሌላ ነገር ነበር፤ ሰውዬው አለ። ይተነፍሳል። አህመዲን መስኮቱን ከፍቶ ሙቁን ነፋስ ፊቱ ላይ እየተቀበለ በሆዱ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል።

አመሻሽ ላይ ዱብቲ ደረሱ። አስረሳች ወደ ውስጥ ሮጠች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰማያዊ ሒጃብ ያደረገች ወጣት ሴት ቆማለች፤ አጠገቧ የመንገድ ጥበቃ ልብስ የለበሰ ረዥም የአፋር ሰው አለ።

"አህመዲን አንተ ነህ?" አለች። በድምፅዋ አወቃት። "ነኢማ ነኝ። ሥራ ጨርሼ መጣሁ። ይህ ኡበይዳ ነው፤ ያገኘው እሱ ነው።"

ኡበይዳ እጁን ጨብጦ እንዴት እንዳገኘው ነገረው። ከሰመራ ተነሥቶ ወደ ዲቾቶ ሲነዳ አንድም የተለየ ነገር አላየም። ከዚያ ግመል የሚነዱ ሁለት ሽማግሌዎች አገኘና ወርዶ ሰላምታ አቀረበ፤ እነሱም እንደ አፋር ወግ ያዩትን የሰሙትን ሁሉ፣ ዳጉ የሚሉትን፣ ነገሩት። ከውሃውና ከሣሩ ወሬ መሃል፣ ጠዋት ከወዲያኛው ድልድይ በኩል ጎማ ሲፈነዳ ሰምተናል አሉት። በዚህ መንገድ ጎማ የማይፈነዳበት ቀን ስለሌለ ማንም አላሰበበትም ነበር። አሮጊቷ ከአስፋልቱ ወርዳ፣ ድልድዩ ሥር ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች። ከመንገዱ ላይ ሆኖ አይታይም። መቶ መኪና በላዩ አልፎበታል።

"ዲቾቶና ሰመራ መሃል መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ማንንም አልጠይቅም ነበር" አለ ኡበይዳ። "ሐኪሙ 'ሌላ አንድ ሰዓት ቢቆይ ኖሮ እንጃ' ብሏል።"

አህመዲን የኡበይዳን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ቆየ።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለች ነኢማ። "ሪፖርት ጽፌያለሁ። ታጉን ቆርጠህ መለጠፍህን ጽፌያለሁ። ደውለህ ስምህን ከነአባትህ መናገርህንም ጽፌያለሁ። እኔም አጣርቼ መዝጋት ሲገባኝ ዝም ብዬ መዝጋቴን ጽፌያለሁ። ምን እንደሚወስኑ አላውቅም። እዚያ ስልክ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ብሎ የደወለልኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ጀዛከላህ።"

"ጀዛኪላህ እኅቴ" አለ።

ብዙነህ የተኛበት ክፍል መስኮቱ ክፍት ነው፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። ግራ እግሩ እስከ ጭኑ ታስሯል፣ ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቷል፣ ከንፈሩ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቋል። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ደረቱ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። አስረሳች ራስጌው ቆማለች። አህመዲንን ስታየው ፈገግ ብላ ጎትታ አስጠጋችው።

"እየው! በአንተ ነው እኮ ያየሁት።"

አህመዲን ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም።

"እትዬ አስረሳች፣ አትመርቁኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" ነገራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰውዬውን እንዳይቀሰቅስ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። "እኔ ታጎቹን ባላቀያይር ኖሮ በስማቸው ይፈልጓቸው ነበር፣ እርስዎንም 'ገብቷል' አይሉዎትም ነበር። ጠዋት በሁለትና በሦስት ሰዓት ይገኙ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ፀሐይ ላይ የተዋቸው የእኔ እጅ ነው።"

አስረሳች እጁን ለቀቀች።

"ጠዋት ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

"ወላሂ አላውቅም ነበር።"

"ሲገባህስ ወዲያው ደወልህ?"

መዋሸት ይችል ነበር። "ሁለት ደቂቃ ያህል ፈራሁ" አለ።

"ሁለት ደቂቃ" አለች። የባሏን ፊት አየች፣ የታሰረ እግሩን አየች፣ ከዚያ አህመዲንን አየች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "መኪና ውስጥ እጅህን ስሜያለሁ።"

"አዎ እትዬ።"

"እሱን አልመልሰውም። የመረቅሁህንም አልመልስም፤ ከአፌ ወጥቷል፣ ደግሞ ይገባሃል። ግን ተቀይሜሃለሁ አህመዲን። በጣም ነው የተቀየምኩህ። ምርቃቱም የእኔ ነው፣ ቅያሜውም የእኔ ነው፤ አንዱን በአንዱ አጣፊ እንዳትለኝ።"

"እሺ" አለ።

አስረሳች ነጠላዋን አስተካከለች። ጥጥና ውኃ ያለበትን ትንሽ ሳህን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ከጠዋት ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም። ውጪ ያለው አግዳሚ ላይ ልጋደም። አንተ ከአጠገቡ እንዳትነሣ። ውኃ ቢልህ ከንፈሩን በጥጥ አርጥብለት፤ እንዳታጠጣው ብለዋል።"

ወጣች። ዞራ አላየችም፤ ሌላ ሰውም ይጠብቀው ብላ አልጠራችም። አህመዲን ሳህኑን ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከቀኑ ሁሉ የከበደው ይህ ነበር፤ ከቀኑ ሁሉም ያስደሰተው ይህ ነበር። ቅያሜዋ እንዳለ ሰውዬውን ትታለት ሄዳለች።

ጥቂት ቆይቶ ብዙነህ ሳይነቃ "ውኃ" አለ።

አህመዲን ጥጡን ነከረ፣ ጨመቅ አደረገ፣ የተሰነጣጠቀውን ከንፈር ቀስ ብሎ አረጠበለት።